ቀፊራ የሸጥነው ዑድ

ድሬዳዋን የሚያውቃት ሰው ቀፊራ በጠዋት እንጂ በቀትር እንደማይኬድ ያውቃል። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች፤ ከሰባት ሰዓት በኋላማ ነጋዴውም ሸማቹም ጥላ ፍለጋ ይበተናል። ስለዚህ ባለፈው ጥር ከልጄ ጋር ከቤት የወጣነው ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነበር። እሷ ሜትርና ደብተር ይዛለች፤ እኔ ደግሞ ባዶ ዘንቢልና ሙሉ ኩርፊያ።

ኩርፊያዬ ምክንያት ነበረው። የመጨረሻዋ ልጄ አዲስ አበባ ውስጥ አካውንቲንግ ትማራለች፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ናት። መስከረም ላይ «እማዬ፣ ትምህርቱን ትቼ የልብስ ዲዛይን ልማር ነው» አለችኝ። እንደ ብዙ እናቶች መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥዬ ተቆጣሁ፣ በመጨረሻም አለቀስሁ። አባቷ ዝም አለ፤ የእሱ ዝምታ ከእኔ ቁጣ የባሰ ነበር። ለሳምንታት በቤታችን ሰላም ጠፋ።

ኋላ ላይ አንድ ስምምነት ላይ ደረስን። ድሬዳዋ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ልጁን ሊድር ነበር። «የሙሽራዋን የመልስ ልብስ ከቀፊራ በተገዛ ጨርቅ እኔ ልስፋ። ካማረ እንነጋገራለን፤ ካላማረ ወደ ሒሳቤ እመለሳለሁ» አለች። እኔም እንደማይሳካላት እርግጠኛ ስለነበርኩ እሺ አልኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ እውነቱ ግን እሱ ነው።

ከአዲስ አበባ የሄድነው በባቡር ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እንደ ድሮው ከተማው መሐል አያወርድም፤ ጣቢያው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው። የእኔ ልጅነት ያለፈው ግን አሮጌው ጣቢያ አካባቢ ነው፤ አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ድሬዳዋ ራሷስ የባቡር ልጅ አይደለች? ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ የመጀመሪያ ስሟም አዲስ ሐረር ነበር። ከዚራን መሐንዲሶች መንገዷን በገመድ ለክተው፣ ዛፍ ተክለው ሠሯት። ከደቻቱ ማዶ ያለችው መጋላ ደግሞ እንደ ነዋሪዎቿ ፈቃድ እየተጠማዘዘች አደገች። ቀፊራ በዚህ በመጋላ በኩል ነው።

ደቻቱን ስንሻገር ልጄ «ይሄ ነው ወንዝ?» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። ይኸው ደረቅ ወንዝ ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ይህን ስነግራት ሳቋን አቆመችና ቀሪውን መንገድ እጄን ይዛ ተራመደች።

ቀፊራ ከሩቅ የሚታወቀው በቅስት በሮቹ ነው፤ የዓረብ አገር ግንብ የሚመስሉ ናቸው። በሮቹን አልፎ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀበለው ሽታ ነው፦ ዕጣን፣ የተወቀጠ ቅመም፣ ብርቱካን፣ የግመል ወተት፣ ከአንዱ ጥግ ደግሞ ትኩስ ሳምቡሳ። ከገጠር የመጡት እናቶች ቲማቲምና ሎሚያቸውን መሬት ላይ በትናንሽ ቁልል ደርድረው ይቀመጣሉ። ሻጯ በኦሮምኛ ትጣራለች፣ ገዢው በሱማልኛ ይከራከራል፣ ሒሳቡ በአማርኛ ይዘጋል። «አቦ ጨምሪ!» «አቦ ተይኝ!» ሲባባሉ የማያውቅ ሰው ጠብ ይመስለዋል፤ ድሬ ውስጥ ግን «አቦ» ማለት ፍቅርም ቁጣም ነው።

እኔ ወደ ብርቱካኑ ሳመራ ልጄ ከአንዲት ጨርቅ ሻጭ ፊት ቆማ ቀረች። ሴትየዋ ብርቱካንማ ድሪያ ለብሳ ወይን ጠጅ ሻሽ አስራለች፤ ትከሻዋ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ጣል አድርጋለች። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ለብሳ ብትመጣ ዓይን ይወጋል እንል ነበር። ልጄ ግን «እማዬ፣ እዪ» አለችኝ። «እዚህ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ደብዘዝ ያለ ቀለም ይበላዋል። እነሱ ይህን ሳይማሩ ያውቁታል።» እኔ በዚህ ገበያ አድጌ ይህን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ከዚያም ደብተሯን ገልጣ ሴቶቹን በእርሳስ ትነድፍ ጀመር። «እነዚህን ሴቶች ዕድሜውን ሙሉ የሚስል ሰው አለ እኮ» አለችኝ። የነገረችኝ ስለ ሠዓሊው ታደሰ መስፍን ነው። ወልዲያ የተወለደው ታደሰ በአለ የሥነ ጥበባትና ዲዛይን ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት ያስተማረ ሰው ነው። «የሕይወት ምሰሶዎች» ብሎ በሰየማቸው ሥዕሎቹ የሚታዩት በየገበያው እህልና ፍራፍሬ የሚሸጡ ሴቶች ናቸው፤ ቤት ደግፈው እንደያዙ ዓምዶች ረጅምና ቀጥ ብለው ይቆማሉ። በስልኳ አሳየችኝ። አጎንብሼ ስመለከት ሎሚ የምትሸጥልኝን እናት ያየሁ መሰለኝ። ቀና ስል ደግሞ እውነተኛዋ እናት «ትገዢያለሽ ወይስ ታያለሽ?» አለችኝ።

«ይሄ ሰው ተማሪዎችም አሉት» ብላ ቀጠለች ልጄ። ከእነሱ አንዱ በ1983 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደው ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው። ኢትዮጵያ በቬኒስ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ቤት በከፈተችበት በ2024 እ.ኤ.አ. አገሪቱን ወክለው የተሰቀሉት የእሱ ሥዕሎች ነበሩ። ሌላዋ ተማሪው መሪኮከብ ብርሃኑ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድማ፣ በ2022፣ በዚያው ከተማ በዋናው ዐውደ ርዕይ ላይ ሥራዋን አሳይታለች። ኤልያስ ስሜ ደግሞ፣ ልጄ እንደምትለው፣ «ገበያ የሚሰፋ ሰው» ነው፤ ከመርካቶ የሚሰበስበውን የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦ፣ አዝራርና ክር እየገጣጠመ ግድግዳ የሚያህል ሥዕል ይሠራል። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ መካኒሳ ላይ ያቋቋመውን ዞማ ሙዚየም በ2019 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከፍተዋል።

ሰማኋት፤ ግን በሆዴ «እነዚህ የተሳካላቸው ናቸው። ያልተሳካላቸውን ማን ይቆጥራቸዋል?» እያልኩ ነበር። ይህ ጥያቄ ዛሬም ትክክል ይመስለኛል። ጥበብ ሁሉንም አያበላም። የወላጅ ፍርሃት ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም።

ልጄ ሁለት ዓይነት ስስ የድሪያ ጨርቅ፣ አንዱን የብርቱካን አንዱን የወይን ጠጅ፣ ለውስጡ ደግሞ ነጭ አቡጀዲ ገዛች። ሻጯ ከጠራችው ዋጋ ግማሹን እንድትሰጥ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ በዚያ ጠዋት የረዳኋት በዚህ ብቻ ነው። ከዚያ አንድ በረንዳ ላይ በእግር የሚመታ የሲንጀር መኪና ይዘው ወደተቀመጡ አዛውንት ልብስ ሰፊ ወሰድኳት። ሥራውን በልጅነታቸው የተማሩት ሐረር፣ መኪና ግርግር ነው። መኪና ግርግር የጀጎል ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው የሚሠሩበት መንገድ ሲሆን ስሙን ያገኘውም ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው።

አዛውንቱ ጨርቁን በጣታቸው አሹት። «ስስ ነው፤ መኪናው ይበላዋል» አሉ። ልጄ ምን እንደምታደርግ ጠየቀች። አሮጌ ጋዜጣ በረጅሙ ቀደዱና ከጨርቁ ሥር አድርገው አብረው ሰፉት፤ ከዚያ ወረቀቱን ቀስ ብለው ገነጠሉ፤ ስፌቱ ሳይጨማደድ ቀጥ ብሎ ቀረ። ጠርዙ እንዳይፈታም መጀመሪያ በደጅ በኩል፣ ከዚያ ገልብጠው በውስጥ በኩል ሁለቴ መስፋትን አሳይዋት። እሷ ስትሞክር መጀመሪያ ተጣመመባት። ፈታችው። ደግማ ሰፋች። አሁንም ፈታችው። በሦስተኛው አዛውንቱ ወደ እኔ ዞረው «አቦ ተያት! እጇ ያውቃል» አሉኝ። ተያት ያሉኝ፣ ቆሜ ስቆጣጠራት አይተው ይመስለኛል።

ዘወር ብዬ ግንቡ ሥር ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩበትን ቦታ ያወቅሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ በአንድ እጁ እኔን፣ በሌላው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወደ ቀፊራ መጣ። የተጠቀለለው የታላቅ ወንድሜ ዑድ ነበር። ጋሼ (ወንድሜን እንዲህ ነው የምጠራው) ዑዱን የገዛው ሸክም ተሸክሞ ባጠራቀመው ገንዘብ ነው። ማታ ማታ ከመጋላ ልጆች ጋር ሠርግ ቤት እየሄደ ይጫወት ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ «ልጄ አዝማሪ ሊሆን ነው» ብሎ እንቅልፍ አጣ። በዘመኑ «አዝማሪ» ስድብ ነበር። ዑዱን ከዚህ ግንብ አጠገብ ለአንድ ነጋዴ ሸጠው። ለእኔ ከገንዘቡ ላይ ሙሸበክ ገዛልኝ፤ እየጣፈጠኝ በላሁ። ለጋሼም ሆነ ለሌላ ሰው አብሬ እንደነበርኩ ተናግሬ አላውቅም። ጋሼ ከዚያ በኋላ ሲጫወት የሰማው የለም። ሾፌር ሆነ፤ ልጆቹን አስተማረ፤ ጥሩ ሰው ነው።

ከዚያ ቀደም ሲል በዚህችው ከተማ፣ በእነዚሁ ሰፈሮች፣ ሌላ ልጅም ነበር፤ ዓሊ ቢራ። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገው ዓሊ ገና በልጅነቱ ከአፍረን ቀሎ ጋር ተቀላቀለ። አፍረን ቀሎ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እዚሁ የተቋቋመ የኦሮምኛ የሙዚቃ ቡድን ነው። መድረክ ባልተፈቀደበት ጊዜ በሠርግ ቤት እየዘፈኑ ጀመሩ፤ ቡድኑ ሲበተን አባላቱ ታሠሩ፣ ተሰደዱ። «ቢራ» የሚለው ስም እንኳ የመጣው ከመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። ዓሊ አዲስ አበባ ገብቶ ከክብር ዘበኛ ጋር ሠራ፤ ዑድና ጊታር ተጫወተ፤ በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሱማልኛ፣ በዓረብኛና በስዋሂሊም ዘፈነ። ይህን ሁሉ ቋንቋ አንድ ሰው ከየት ያመጣዋል ለሚል፣ ቀፊራ አንድ ጠዋት መዋል ይበቃዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፍም የተቀበረው እዚሁ ድሬዳዋ ነው።

ወንድሜ ዓሊ ቢራ ይሆን ነበር ማለቴ አይደለም። ምናልባት መካከለኛ የሠርግ ቤት ዑድ ተጫዋች ሆኖ ይቀር ነበር። የሚቆጨኝ ማንም ሳያውቅ መቅረቱ ነው።

ቀትር ላይ ከተማዋ ስታንቀላፋ ጋሼ ቤት ነበርን። መጋላ ውስጥ ባለችው ግቢ፣ ዛፍ ሥር፣ ሽርጡን አገልድሞ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሏል። ልጄ አጠገቡ ተቀምጣ ጠርዝ ትሰፋለች። «ምን ትሰሚያለሽ አንቺ?» አላት ጆሮዋ ላይ የሰካችውን እያየ። አንዱን ነቅላ ሰጠችው። ሮፍናን ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» በሚለው አልበሙ የአገር ቤቱን ምትና ድምፅ ከኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ጋር አዋህዶ የወጣው ወጣት። ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ጣቶቹ ምንጣፉ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ የምት ሳይሆን የክር አነካክ ነበር። እኔ አየሁ። ልጄም አየች፤ መርፌዋን አቁማ።

«አጎቴ፣ አንተ ትጫወት ነበር?» አለችው።

«ድሮ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

የመልሱ ቀን ደረሰ። ልብሱ እንከን አልነበረውም ብል ዋሸሁ። በስተግራ ያለው ጠርዝ ከቀኙ ሁለት ጣት ያህል ረዝሞ ነበር፤ ልጄ ይህን ያየችው ሙሽራዋ ከለበሰችው በኋላ ነው። በሠርገኛው ፊት ተንበርክካ በአፏ መርፌ ይዛ ስታሳጥር ፊቷን አየሁት። አላፈረችም፤ አልተደናገጠችም። በሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷ ያን ፊት አይቼባት አላውቅም። ሙሽራዋ ስትነሳ የብርቱካኑ ጨርቅ በወይን ጠጁ ላይ ተንሳፈፈ፤ ከአለባበሱ ድሪያ ይመስላል፣ ከወገቡ ግን የአበሻ ቀሚስ ነው። አንዲት አክስት «ይሄ ለመልስ ይሆናል?» ብላ አጉረመረመች። ሁለት የሙሽራዋ ጓደኞች ደግሞ ማን እንደሰፋው ጠየቁ።

ማታ እንግዳው ሲበተን ጋሼና እኔ ብቻችንን ቀረን። ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ነገር ያን ዕለት ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም። «ጋሼ፣ ዑዱ ሲሸጥ እኔ ነበርኩ። አባባ ሙሸበክ ገዝቶልኝ በልቻለሁ» አልኩት።

«አውቃለሁ እኮ» አለኝ። «ግማሹን ለእኔ አምጥተሽልኝ ነበር። አብረን ነው የበላነው።»

ይህን እኔ አላስታውስም።

ትንሽ ቆይቶ ተናገረ። «አባባ ክፉ ሰው አልነበረም። ፈርቶ ነው። እኔን የከፋኝ መሸጡ አይደለም። አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብሎ ሳይሰማኝ መሸጡ ነው።»

ውድ አንባቢያን፣ እናቶችና አባቶች፣ አያቶችም፤ ከዚህ ጉዞ ይዤ የተመለስኩት ይህን አንድ ቃል ነው። ልጆቻችሁ የሚሉትን ሁሉ እሺ በሉ አልልም፤ እኔም አላልኩም። ልጄ የቀረውን አንድ ዓመት አካውንቲንግ ትጨርሳለች። ይህን እንድትቀበል የረዳችን የየፍቅር ዲዛይን መሥራች ፍቅርተ አዲስ ናት፤ በእጅ የተሸመነ ልብስ ይዛ ዓለም አቀፍ መድረክ የወጣችው ይህች ሴት የተማረችው ሥነ ልቦና ነው። ልጄ በበኩሏ አምሳለ አበራን ታነሳብኛለች። አዲስ አበባ የተወለደችው አምሳለ አሜሪካ ተማሪ ሳለች ልብስ መግዣ ሲያጥራት የራሷን ትሰፋ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. ስታገባ የምትወደው ቀላል ቬሎ ስላጣች የራሷን ነደፈች፤ ከዚያ ከኒው ዮርክ መኖሪያ ቤቷ ተነስታ በዓለም ከታወቁት የሙሽራ ልብስ ነዳፊዎች አንዷ ሆነች። በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ላይ እስክታርፍ ድረስ ሠርታለች። ሁለቱም ምሳሌ እውነት ስለሆነ ክርክሩ ገና አላለቀም።

ቁጭ ብሎ መስማት ግን ይቻላል፤ ማየትም እንዲሁ። ልጃችሁ የምትሰማውን ሙዚቃ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ተቀብላችሁ እስከ መጨረሻው ስሙት። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ የአለ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ሥራቸውን ሲያሳዩ ሄዳችሁ እዩ፤ ገና ስማቸውን ማንም የማያውቃቸው ልጆች ከሥራቸው አጠገብ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ጥያቄ ብትጠይቋቸው ደስ ይላቸዋል። የልጅ ልጆቻችሁን ዞማ ውሰዷቸው። የበዓል ልብስ ስታሰፉ ከሰፈራችሁ አንድ ወጣት ዲዛይነር ፈልጉ። ድሬዳዋ ከሄዳችሁ ደግሞ በጠዋት ቀፊራ ግቡ፤ ከምትገዙት ይልቅ የሚሠሩትን እጆች ተመልከቱ።

እኔ ከቀፊራ በዘንቢሌ ብርቱካን፣ ሎሚና ዕጣን ይዤ ተመለስኩ። ልጄ ደግሞ ከአዛውንቱ ልብስ ሰፊ የተረዳችውን ይዛ፣ ባጠራቀመችው ገንዘብ አንድ አሮጌ የስፌት መኪና ገዛች። ሳሎናችን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። የሒሳብ ፈተናዋን አጥንታ ስትጨርስ ሌሊት ትሰፋለች። ድምፁ እንቅልፍ ይነሳኛል። ግን አልናገርም። አባቷና እኔ አልጋችን ላይ ቁጭ ብለን እንሰማለን።